በማረሚያ ቤት ጎልማሶችን ማንበብና መጻፍ ማስተማር፦ ከአራት ዓመት ሥራዬ ያገኘሁት ልምድ

ከ2009 እስከ 2013 ዓ.ም በአማራ ክልል በሚገኝ አንድ የዞን ማረሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ላልቆጠሩ ታራሚዎች ማንበብ፣ መጻፍና ማስላት አስተምሬአለሁ። መደበኛ ሥራዬ በከተማው በሚገኝ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት ማስተማር ሲሆን፣ ወደ ማረሚያ ቤቱ የምሄደው በሳምንት ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ነበር። ይህን የምጽፈው ወደፊት ለዚሁ ሥራ ለሚመደቡ ወይም በፈቃዳቸው ለሚገቡ መምህራን ነው። እኔ ስገባ ምን እንደሚጠብቀኝ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ በዚህም የተነሣ በመጀመሪያው ዓመት የሠራኋቸውን ስሕተቶች ዋጋ የከፈሉት ተማሪዎቼ ነበሩ።

በመጀመሪያው ቀን ይዤ የገባሁት ለተቀናጀ ተግባር ተኮር የጎልማሶች ትምህርት የተዘጋጀውን መጽሐፍ ነበር። መጽሐፉ ፊደልን ከእርሻ፣ ከጤናና ከቁጠባ ጋር እያያዘ የሚያስተምር በመሆኑ በቀበሌ ለሚማር ገበሬ መልካም መጽሐፍ ነው። ከፊቴ የተቀመጡት 34 ሰዎችም አብዛኞቹ ገበሬዎች ነበሩ፤ ነገር ግን መሬታቸውን ወንድም ወይም የእኩል አራሽ ይዞታል፣ በሬያቸው ለጠበቃ ተሸጧል። ስለ ብስባሽ አዘገጃጀት የሚናገረውን ገጽ እያነበብኩ ሳለ፣ ዕድሜያቸው 50ን የተሻገረ አንድ ሰው ከጋቢያቸው ሥር በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አውጥተው ወደ እኔ መጡ። ወረቀቱ ብዙ ጊዜ ከመታጠፉና ከመዘርጋቱ የተነሣ በእጥፋቱ ላይ ሳስቶ ብርሃን ያሳልፍ ነበር። «መምህር፣ እስቲ ይህ የሚለውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ፤ ሌሎቹ ግማሹን ነው የሚነግሩኝ» አሉኝ። የተፈረደባቸው ፍርድ ግልባጭ ነበር።

አነበብኩላቸው። ዘጠኝ ዓመት እንደተፈረደባቸው ያውቃሉ። ያላወቁት፣ ቅጣቱ በቁጥጥር ሥር ከዋሉበት ቀን ጀምሮ የሚታሰብ መሆኑን የሚናገረውን የመጨረሻውን አንቀጽ ነበር። እርሳቸው የሚቆጥሩት ፍርዱ ከተነገረበት ቀን አንሥተው ነበርና፣ ፍርድ ሳይሰጥ በእስር የቆዩበትን 14 ወር አላስገቡትም። ማረሚያ ቤቱ በመዝገቡ በትክክል ይዞታል፤ የሚፈቱበት ቀን አልተለወጠም። ሆኖም አንድ ሰው የራሱን እስራት ለሦስት ዓመት ያህል አሳስቶ ሲቆጥር ኖሯል፤ ለልጆቹም የነገረው ያንኑ የተሳሳተ ቀን ነው። በዚያ ቀን ብስባሹን ትቼ እያንዳንዱን ተማሪ «ማንበብ ብትችል መጀመሪያ የምታነበው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ፍርዴን፣ የይግባኜን መልስ፣ ለወንድሜ የሰጠሁትን ውክልና፣ የመሬት ደብተሬን፣ ሚስቴ ያስጻፈችውን ደብዳቤ፣ ውዳሴ ማርያምን አሉኝ። ከዚያ ወዲህ የትምህርቴ መነሻ ተማሪው በእጁ የያዘው ወረቀት ሆነ፤ የታተመው መጽሐፍ ደግሞ ከሦስተኛው ወር በኋላ፣ ማንበብ ሲጀምሩ፣ ተጨማሪ ንባብ ሆኖ እጅግ ጠቅሞናል።

ፊደሉን እንዴት ማስቆጠር እንደሚሻል ያወቅሁትም ዘግይቼ ነው። መጀመሪያ በገበታው ተራ፣ ከሀ እስከ ፐ፣ ሰባቱንም ቤት እያስጠራሁ ሄድኩ። 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ፤ ሕፃን በዜማ እየጮኸ ይወጣዋል፣ ጎልማሳ ግን ሁለት ወር ሙሉ «ሀ ሁ ሂ» ሲል ከርሞ አንዲት ቃል ሳያነብ ሲቀር፣ እንደ ልጅ የተቆጠረ መስሎ ይሰማዋል። በአራተኛው ሳምንት 15 ሰዎች ብቻ ቀሩኝ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሰው በስሙ እንዲጀምር አደረግሁ። ስሙ በላይ የሆነ ሰው በመጀመሪያው ቀን በ፣ ላና ይን ይዞ ይሄዳል፤ ከጎኑ ያለው አበበ ከሆነ በን ይጋራሉ፣ አን ይጨምርለታል። በሁለተኛው ሳምንት የምንሄደው በየወረቀቱ ላይ ወደሚደጋገሙት ቃላት ነው፦ ቀን፣ ወር፣ ዓመት፣ ሕግ፣ ፍርድ፣ ተከሳሽ፣ ይግባኝ።

ሰባት ስምንት ቃላት በእጃቸው ሲገቡ ገበታውን እሰቅላለሁ። ያን ጊዜ ገበታው እንደ ካርታ ያገለግላቸዋል፤ ካዕብ ብዙውን ጊዜ በቀኝ ወገቡ ላይ ቅጥያ እንደሚያወጣ፣ ሣልስ ቅጥያውን ወደ እግሩ እንደሚያወርድ፣ ኃምስ ቀለበት እንደሚያበጅ ራሳቸው ያስተውላሉ፤ እንደ ሩ፣ ሪና ፉ ያሉት ከሥርዓቱ ሲወጡም «ይቺ አምፃለች» ይላሉ። ሰ እና ሸ፣ ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ከ እና ኸ አንዱ ከሌላው በራሱ ላይ በተጨመረ መስመር ብቻ እንደሚለይ ማሳየትም ብዙ ድካም ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ መስጠት ያለብን ለሳድስ ነው፤ ቅርጹ ወጥ ሥርዓት የለውም፣ በጽሑፍ ውስጥ ደግሞ በየቃሉ ይገኛል። ሌላው ልብ ሊባል የሚገባው የምህጻረ ቃል ነገር ነው። የፍርድ ቤት ወረቀት በ«ፍ/ቤት»፣ በ«ዐ/ሕግ»፣ በ«የመ/ቁ» የተሞላ ስለሆነ፣ ፊደሉን ሁሉ የሚያውቅ ተማሪ እንኳ ከመጀመሪያው መስመር ላይ ይሰናከላል፤ ያቺን ያጋደለች መስመር ብቻዋን አንድ ቀን ሙሉ አስተምሬአታለሁ።

አንድ ከሰዓት በኋላ የሆነውን ላንሣ። ከስድስት ወር በላይ የተማረ አንድ ወጣት ሰሌዳው ላይ የጻፍኩትን «ታራሚው ቅጣቱን ሲፈጽም ይፈታል» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ጣቱን እያስከተለ አነበበ። «ይፈታል» ላይ ሲደርስ አላልቶ፣ በሬ ወይም ገመድ እንደሚፈታ ሰው አድርጎ አነበበውና ቆመ። ዞሮም «ማንን ነው የሚፈታው?» አለኝ። ከኋላ የነበሩት አዛውንት አጥብቀው «ይፈታል! ራሱ ነው እንጂ የሚፈታው» ሲሉ ክፍሉ ሁሉ ዝም አለ፤ ከዚያ ሁሉም በየራሳቸው ያቺን ቃል እያጠበቁ ደጋገሟት። ጽሑፋችን መጥበቅንና መላላትን አያሳይም፤ አንባቢ የሚያጠብቀው ትርጉሙን አስቀድሞ ሲያውቀው ነው። ፊደል በፊደል የሚያነብ ጀማሪ ይህን ካልተነገረው፣ ቃሉን በትክክል ጠርቶም ትርጉሙ ሲጠፋበት ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል። ስለዚህ በመጀመሪያዎቹ ወራት በሚጠብቀው ፊደል ራስ ላይ ነጥብ አደርግላቸዋለሁ፣ ዐረፍተ ነገሩንም ሁለት ጊዜ እንዲያነቡት፣ መጀመሪያ ለፊደሉ ኋላም ለነገሩ፣ አስለምዳቸዋለሁ።

አሁን የምናገረው ከትምህርት ዘዴ ሁሉ በላይ የጠቀመኝ ነገር ነው። «አልገባኝም» ከሚሉት ዕድሜያቸው ከ40 በላይ ከሆኑት መካከል ብዙዎቹ ችግራቸው ማየት ነበር። ወረቀቱን ክንዳቸው እስኪዘረጋ ድረስ የሚያርቁ፣ ወይም ከሰሌዳው ላይ አንብበው ከደብተራቸው ላይ የሚያቅታቸው ተማሪዎች የቅርብ ማያቸው ደክሟል ማለት ነው። እረኝነትና እርሻ ቅርብ ማየትን ስለማይጠይቁ፣ ዓይናቸው መድከሙን ያወቁት ክፍል ውስጥ ነው። ለማረሚያ ቤቱ ጤና ጣቢያ ባለሙያ አሳይቼ፣ በየጎዳናው የሚሸጡትን የማንበቢያ መነጽሮች በ1.5፣ በ2 እና በ2.5 ቁጥር ገዝቼ በፍተሻ አስገባሁ። ስድስት መነጽር ለ11 ሰዎች በየተራ አገለገሉ። አንድ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸውና «አእምሮዬ አርጅቷል» ብለው ለመተው የወሰኑ ሰው መነጽሩን ባደረጉ በሦስተኛው ሳምንት የራሳቸውን ስም ከስም ዝርዝር ውስጥ ለይተው አሳዩኝ። ለዚህ ሥራ የምትገቡ ሁሉ ከጠመኔ በፊት መነጽር እንድታስቡ አደራ እላለሁ።

እጅም እንደ ዓይን ነው። እርፍ ሲጨብጥ የኖረ መዳፍ እርሳስ ሲይዝ ከመጠን በላይ ስለሚጫን ጫፉ ይሰበራል፣ ወረቀቱም ይቀደዳል። ሁለት ሳምንት ሰሌዳ ላይ በጠመኔ፣ በትልቁ፣ ቆመው እንዲጽፉ ማድረጉ ይሻላል። እርሳስ መቅረጫ ምላጭ ወደ ውስጥ ስለማይገባ እርሳሶቹን እቤቴ ቀርጬ እመጣለሁ፣ በቁጥር አስገብቼ በቁጥር አስወጣለሁ። አንዲት እርሳስ ብትጎድል ክፍሉ ሁሉ ይፈተሻል፣ የቀኑ ትምህርትም ይቀራል። ስለዚህ እርሳስ የሚያድልና የሚሰበስብ ተማሪ በየሳምንቱ ይመረጥ ነበር፤ ይህን ኃላፊነት በታላቅ ጥንቃቄ ይወጡታል።

ሒሳብን ያስተማርኩት በአመክሮ ነው። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወንጀል ሕግ መሠረት፣ በጊዜ የተወሰነ እስራት የተፈረደበት ሰው የቅጣቱን ሁለት ሦስተኛ ሲፈጽምና ሌሎቹንም ሁኔታዎች ሲያሟላ በአመክሮ እንዲለቀቅ ፍርድ ቤት ሊወስን ይችላል። «ሁለት ሦስተኛ» የሚለው ቃል በግቢው ውስጥ ሁሉም አፍ ላይ አለ፤ አስልቶ የሚያውቀው ግን ጥቂቱ ነው። ሰባት ዓመት ለተፈረደበት ሰው 84 ባቄላ እቆጥርለታለሁ፤ እያንዳንዱ ባቄላ አንድ ወር ነው። ሦስት እኩል ክምር ያደርጋቸዋል፣ በየክምሩ 28 ይሆናል፤ ሁለቱን ክምር ሲደምር 56 ወር፣ ማለትም አራት ዓመት ከስምንት ወር ያገኛል። ማካፈልን፣ ማባዛትን፣ ዓመትን ወደ ወር መለወጥን፣ ጳጉሜን እንዴት እንደሚቆጠር ሳይቀር በዚህ አንድ ጥያቄ ተምረዋል። ባቄላውን የሚያንቀሳቅሱበት ጥንቃቄ አሁንም በዓይኔ ላይ አለ።

ነገር ግን በዚሁ ትምህርት ከሁሉ የሚቆጨኝን ስሕተት ሠርቻለሁ። አንድ ተማሪዬ ቀኑን በትክክል አስልቶ ሲያሳየኝ ሰሌዳው ላይ «የመፈቻ ቀን» ብዬ ጻፍኩለት። እርሱም በገዛ እጁ በጻፋት የመጀመሪያ ደብዳቤ ያንን ቀን ለቤተሰቡ ላከ። በቀኑ እናቱና ወንድሙ አዲስ ልብስ ይዘው ከሩቅ ገጠር መጥተው ከበሩ ቆሙ። ለተጎጂው ቤተሰብ መክፈል የነበረበት ካሳ ገና ስላላለቀ የአመክሮ ጥያቄው አልተወሰነም ነበር፤ አምስት ወር ቆየ። ሦስት ሳምንት ከክፍል ቀረ። በአራተኛው ሳምንት ወደሚያድርበት ክፍል ደጃፍ አስጠርቼው፣ ጥፋቱ የእኔ መሆኑን በሰው ፊት ነግሬው ይቅርታ ጠየቅሁት። ከዚያ ወዲህ ሰሌዳው ላይ የምጽፈው «ለአመክሮ ማመልከት የሚቻልበት ቀን» ብዬ ነው፤ ከሥሩም መልካም ጠባይ፣ ካሳና የፍርድ ቤት ውሳኔ የሚሉትን ቃላት አስነብባለሁ። የታሰረ ሰው መምህሩ የጻፈውን ቀን እንደ ሒሳብ ልምምድ ብቻ ሊያየው አይችልም።

በየማረሚያ ቤቱ ማመልከቻ በመጻፍ የሚተዳደሩ፣ የተማሩ ታራሚዎች አሉ። በሳሙና፣ በስኳር ወይም በጥቂት ብር ይጽፋሉ። ሰዉ ራሱ መጻፍ ሲጀምር ገቢያቸው እንደሚቀንስ ስለገባቸው፣ ከመካከላቸው አንዱ ተማሪዎቼን «በስተርጅና ምን ይሠራላችኋል?» እያለ ያዳክማቸው ነበር። መጀመሪያ ለአስተዳደሩ ልናገር አስቤ ነበር፤ ያን ባደርግ ኖሮ ጠላት አፈራ ነበር። ይልቁንም ጽሕፈቱ ያማረ፣ የማመልከቻን ሥርዓት ጠንቅቆ የሚያውቅ ሰው መሆኑን አይቼ፣ በሳምንት አንድ ቀን «ለ»ን፣ «ጉዳዩ»ን፣ ቀንንና ፊርማን የት እንደሚያስቀምጡ እንዲያስተምር ለመንኩት። አስተማሪ ሲባል ሰውየው ተለወጠ። ማረሚያ ቤቱም በትምህርት የሚያገለግሉ ታራሚዎችን በጠባይ መዝገባቸው ላይ ስለሚያሰፍርላቸው፣ ለእርሱም ጥቅም ነበረው። ረዳት የምትፈልጉ መምህራን፣ አስቀድማችሁ የምትቃወሟቸውን ሰዎች ተመልከቱ።

አጠራርን በተመለከተ ጥብቅ ነበርኩ። በዕድሜ የሚበልጡኝን ሁሉ «ጋሼ» ወይም «አባባ» እያልኩ በአንቱታ አናግራለሁ፤ ማንንም ምን ሠርተህ ገባህ ብዬ አልጠየቅሁም፣ ሊነግረኝ የጀመረውንም ካልፈለገ እንዳይጨርስ ጊዜ እሰጠዋለሁ። ሰሌዳ ላይ ወጥቶ ማንበብ በፈቃድ ብቻ ነው። አንድ አዛውንት ገና በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ሆነው ዳዊት ደግመዋል፤ መጽሐፉን ሲከፍቱ ያለ ስሕተት ያነበንባሉ፣ ነገር ግን ብዕር ጨብጠው አያውቁም፣ ፍርድ ቤትም የፈረሙት በአውራ ጣታቸው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «ማይም» ብሎ መመዝገብ ነውር ነው። ንባቡን ለሌሎች እንዲያስጠኑ፣ ጽሕፈቱን ደግሞ ከእኔ እንዲማሩ ተስማማን፤ እኔን የልጃቸውን እኩያ «የኔታ» ይሉኝ ነበር። ሌላው ሰው በ1971 ዓ.ም በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ወቅት የ14 ዓመት ልጅ ሳሉ ፊደል ቆጥረው የምስክር ወረቀት ተቀብለዋል። ያ ዘመቻ በ15 የአገራችን ቋንቋዎች የተካሄደ፣ በዩኔስኮም የተሸለመ ታላቅ ሥራ ነው። እርሳቸው ግን ከዚያ በኋላ በመንደራቸው የሚነበብ ነገር ስላላገኙ፣ ወደ እኔ ሲመጡ ከስማቸው በቀር ሁሉንም ረስተውታል። ከእርሳቸው ስለተማርኩ፣ ማንበብ ለጀመሩት ሁሉ የድሮ ጋዜጣ፣ የጤና በራሪ ወረቀት፣ የዘመን መቁጠሪያ እየለመንኩ አስገባ ነበር።

አፋቸውን በአማርኛ ያልፈቱ ተማሪዎችም ነበሩን። አፋን ኦሮሞ ተናጋሪ የሆኑ ሦስት ሰዎች በአማርኛ ፊደል መጀመራቸው ሸክማቸውን እጥፍ አደረገው፤ ቁቤ የሚያውቅ ሌላ ታራሚ ተፈልጎ በራሳቸው ቋንቋ እስኪጀምሩ ድረስ ወደፊት አልሄዱም። የሴቶቹ ክፍል ጥቂት ሰዎች ስላሉበት ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ይታሰባል። ልጅ አዝለው የሚማሩ እናቶች ስላሉ፣ እዚያ የአንድ ትምህርት ጊዜ ከ40 ደቂቃ ባይበልጥ መልካም ነው።

ትምህርቱ ያለማቋረጥ አይሄድም። ቆጠራ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ፣ ጠያቂ፣ ዝውውር ሁሉ ተማሪ ይወስዳል፤ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ይቅርታ ሲመጣ ግማሹ ክፍል በአንድ ቀን ይሄዳል። ስለዚህ እያንዳንዱን ቀን በራሱ የሚያልቅ ትምህርት አድርጉት፣ ለሚዛወር ተማሪም የደረሰበትን ደረጃ የሚገልጽ ወረቀት አስይዙት። የክፍል ጊዜያችን ለሌላ ሥራ እየተወሰደ ሲያስቸግር፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በታኅሣሥ 2008 ዓ.ም ያጸደቃቸው የኔልሰን ማንዴላ ደንቦች በ104ኛው ደንብ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ታራሚዎች የሚሰጠውን ትምህርት ግዴታ እንዳደረጉት በጽሑፍ አቀረብኩ። ኃላፊው አንብበው የሰኞውን ሰዓት መለሱልን። በክርክር ያላገኘሁትን በአንድ ገጽ ማመልከቻ አገኘሁት፤ ተማሪዎቼም ያንን ማመልከቻ ለልምምድ ገለበጡት።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ፣ ጠያቂም መምህርም ወደ ማረሚያ ቤቱ መግባት አቆመ። ከቤተሰብ ጋር መገናኛው ስልክና ደብዳቤ ብቻ ሆነ። በመጨረሻው ቀን ለማመልከቻ ጸሐፊው የስም ዝርዝሩን፣ 12 እርሳስና ስድስቱን መነጽር አስረከብኩት። በ2013 ዓ.ም ትምህርት ቤቶች ሲከፈቱ ተመልሼ ስገባ የስም መጥሪያ ደብተሩን አመጣልኝ። በየስሙ ትይዩ ሰውየው የደረሰበት ፊደል፣ የሚያስቸግረው ቃልና ለቤተሰቡ ደብዳቤ የጻፈበት ቀን ተመዝግቧል፤ የተፈቱት ስማቸው አልተሰረዘም፣ ከጎኑ «ተፈታ» ተብሏል፣ በ«ታ» ራስ ላይም ነጥብ ተደርጓል። እርሳሶቹ 12 ነበሩ፤ አንዳንዶቹ ከአውራ ጣት አንጓ አይበልጡም። «ከሰባቱ አዲሶች እንጀምር ወይስ ከነባሮቹ?» ሲል ጠየቀኝ፤ ከአዲሶቹ ጀመርን፣ የመጀመሪያውም ሰው ወረቀቱን ከፌስታል አወጣ።